ከሰላምታው በኋላ

ጥር 9

ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ደህና ናት። አልጋህን እንደተውከው አስቀምጬልሃለሁ ብዬ ልዋሽህ ነበር፤ ግን አክስቴ እየተኛችበት ነው። አንተን ከቀበርን ጀምሮ የራሷን ክፍል ለቃ እዚህ ገብታለች። ጠዋት ስትነሳ አንሶላውን ጎትታ ታነጥፋለች፣ ትራስህን ትገለብጣለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሻርፗን እንደምታስተካክል ሰው ትቆያለች።

ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ ሲጻፍ ብታይ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ግን ትናንት የደረሰኝን ነገር አንተን ካልጠየቅሁ ማንን እንደምጠይቅ አላወቅሁም።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የጻፉት የጥናት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ አንተ "እመቤት ሠንጠረዥ" የምትላቸው። የላይኛው ግማሽ የሐዘን መግለጫ ነው። የታችኛው ግማሽ ግን ካንተ ጠረጴዛ የመጡት የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት መልሶች እየተመረመሩ ነው ይላል። አክስቴ "ምን ይላል?" አለችኝ። "ነፍሱን ይማር ይላል" አልኳት። ግማሹ እውነት ስለሆነ አልዋሸኋትም።

ጋሼ፣ መልሶቹን ከራሱ ፈጥሮ ጻፈ እያሉህ ነው።

አንተ በየወሩ ለአርባ ባለፋብሪካና ነጋዴ ትደውል ነበር። ሥራቸው ይሻሻላል፣ ባለበት ይቆያል ወይስ ይቀንሳል ብለህ ትጠይቃለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትልካለህ። የንግድ ስሜት ጥናት። አንድ ቀን "ስሜት ጠይቆ ደመወዝ መብላት ደግሞ ሥራ ነው?" ስልህ አልተቀየምክም። "ሌላው ቁጥር ሁሉ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው" አልከኝ። "ምርቱም፣ ግብሩም፣ የሥራ አጡም ብዛት። ባለቤቱ ግን ትዕዛዝ ሲቀንስበት ያን ቀን ሆዱ ይነግረዋል። እኛ የምንጠይቀው ሆዱን ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ "የሒሳብ ፈተናህስ፣ ይሻሻላል ወይስ ይቀንሳል?" አልከኝ። "ይሻሻላል" አልኩህ። "መሠረትህ ምንድን ነው?" አልከኝ። መሠረት አልነበረኝም።

ያን የተገለበጠ አውቶቡስ የተሳፈርከውም ይህንኑ ለእሳቸው ልታስረዳ እንደነበር አሁን ገባኝ። ለእኔ "ስብሰባ አለብኝ" ብቻ ነው ያልከኝ።

ለኃላፊዋ አንድ ጥያቄ ጽፌ ልኬያለሁ። ምን እንደሆነ ብታውቅ ትቆጣኝ ነበር።

ወንድምህ


ጥር 17

ለባልደረባችን ወንድም፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ሰነበትክ? አክስትህስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤህ ደርሶኛል። የተማሪ ደብዳቤ ነው ብዬ ቀለል ያለ መልስ ልሰጥህ አስቤ ነበር፤ የጠየቅኸኝ ነገር ግን ቀላል መልስ የለውም።

አዎ፣ ወንድምህን የጠራሁት እኔ ነኝ። እሱ በስልክ ሊያስረዳኝ ፈልጎ ነበር። "አይሆንም፣ ከነወረቀትህ ና" ያልኩት እኔ ነኝ። ወደዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ ብጽፍ ለራሴ ማዘን ይሆንብኛል።

ስለ ጥናቱ ግን ግልጽ ልሁንልህ። አራት ቅርንጫፎች አሉን። ሦስቱ ከጥቅምት ጀምሮ "ባለበት ነው" ይላሉ። የወንድምህ ብቻ "ይቀንሳል" ይላል፤ ያውም በየወሩ እየባሰ። አንድ ቅርንጫፍ ብቻውን ሲለይ ወይ ሌሎቹ ያላዩትን አይቷል፣ ወይ ከተነገረው ውጭ ጽፏል። ስለዚህ ከዚህ ሆነን፣ በአንዲት አዲስ ሠራተኛ፣ እሱ ያነጋገራቸውን ሰዎች እንደገና ጠየቅናቸው። አብዛኞቹ "ባለበት ነው" አሉ። "ይቀንሳል" ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

በየካቲት አጋማሽ ጉባኤ አለ። የሦስቱ ወራት መልስ ተሰርዞ ምክንያቱ በስሙ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሐሳብ ቀርቧል። ከእኔ ሳይሆን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ቃሉን ልንገርህ፤ "የፈጠራ መልስ" ይላል።

መደወሉን አረጋግጠናል፤ የማናውቀው የተባለውን ነው። በአንድ ክፍል አብራችሁ ትኖሩ እንደነበር ጽፈሃል። ሰዎቹ ምን ይሉት ነበር? የሰማኸውን ብቻ ጻፍልኝ፤ የምትመኘውን አይደለም። ትምህርትህንስ እየተከታተልክ ነው?

የጥናት ክፍል ኃላፊ


ጥር 23

ለጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ደህና ናት፤ ሰላም ብላዎታለች ልል ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ምን እንደጻፉልኝ አታውቅም።

የሰማሁትን እጽፋለሁ። የእኛ ክፍል ሁለት አልጋና አንድ ጠረጴዛ ናት። ወንድሜ ሰዎቹ የሚያወሩት ሥራ ከዘጉ በኋላ ነው ብሎ ማታ ማታ ከቤት ይደውል ነበር። እሱ ሲደውል እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ሒሳብ እሠራለሁ። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ከጆሮው ጋ ተጣብቆ እንኳ የሚናገረው ሰው ይሰማኛል። ስማቸውን ግን አንድ ቀን አልነገረኝም። እንዳላውቃቸው ቅጽል ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ እትዬ ካርቶን፣ ጋሽ ቀለም፣ ባለጎማው። ጋሽ ቀለም በየመሃሉ ስለሚያስነጥሱ ወንድሜ ስልኩን ከጆሮው ያርቅና ይጠብቃቸዋል።

በኅዳር ጋሽ ቀለም "ቤት የሚያድስ ሰው ጠፋ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየለበሰ ነው" አሉት። ባለጎማው "መኪናው ይሮጣል፣ ጎማ የሚቀይር ግን የለም፤ ሁሉም በተበላ ጎማ ነው የሚሄደው፣ አንተም አትሳፈር" አለው። ሲስቁ ሰምቻለሁ። እትዬ ካርቶን "ሳሙና ፋብሪካዎቹ ካርቶን ማዘዝ ቀነሱ፤ ካርቶን ያላዘዘ ሰው ሳሙና ሊያመርት አላሰበም" አሉት። ይህን እኔ ልፈጥረው አልችልም። ሳሙና በምን እንደሚታሸግ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ብዙ ያወራ ነበር። አክስቴ ልትጠይቀን ስትመጣ "ይህ ልጅ ደመወዝ የሚከፈለው በሰላምታ ነው እንዴ?" ትለው ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እሱ እና አዲሷ ሠራተኛ የጻፉት ሲለያይ ተሳሳተች ብለው እሷን ለምን አልጠረጠሩም? እሷ መልስ መስጠት ስለምትችል ነው? በድፍረት ስለጻፍኩ ይቅርታ። ግን አልሰርዘውም።

የሠራተኛዎ ወንድም


ጥር 30

ለባልደረባችን ወንድም፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ቁጣህም ደርሶኛል። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን አልሰርዘውም ነበር።

አዲሷ ሠራተኛ የተሰጣትን ጥያቄ ቃል በቃል አንብባለች። አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። መመሪያው ይህ ነው፤ ጠያቂው የራሱን ወሬ ከጨመረበት ከሰው ሰው የሚወዳደር መልስ አይገኝም። ወንድምህ መመሪያውን አልጠበቀም ማለት ነው፤ የጻፍክልኝ ለእሱ ሳይሆን በእሱ ላይ ሊነበብ ይችላል።

ያንተን ምስክርነት ጉባኤው አይቀበለውም፤ ቤተሰብ ነህ። ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸው "ያልኩት ይህን ነው" ብለው ቢፈርሙ ግን ይታያል። እኔ ልጠይቃቸው አልችልም፤ የማንም ቃል በስሙ እንደማይወጣ ቃል የገባነው እኛ ነን። አንተ ካወቅሃቸው… ይህን ለተማሪ መጻፌ ትክክል አይደለም። ጽፌዋለሁ።

ስለ ትምህርትህ ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም።

የጥናት ክፍል ኃላፊ


የካቲት 5

ጋሼ፣

ሰላም ነህ? ይቅርታ የምጠይቅህ ነገር አለ። እትዬ ካርቶን ማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ለቅሶ ላይ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠው "አይዞህ የኔ ልጅ" ሲሉኝ ድምፃቸውን ለየሁት። ቀና ብዬ ሳይ የአክስቴ አሠሪ ናቸው። አክስቴ እዚያ ካርቶን እንደምትለጥፍ እያወቅህ፣ ትዕዛዝ መቀነሱን በጆሮህ እየሰማህ፣ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልክላትም። መጀመሪያ ተናደድኩብህ። ከዚያ እኔም ሳልነግራት ወር ሊሞላኝ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሄድኩ። ግቢው ሙጫ ሙጫ ይላል። ካሉት ሁለት ማሽኖች አንዷ በሸራ ተሸፍናለች። እትዬ ቢሯቸው ውስጥ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።

"ማን ላከህ?" አሉኝ።

"ማንም።"

"አክስትህ መምጣትህን ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንግዲያው ተቀመጥ፤ ቆመህ አታድክመኝ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። "የፈጠራ መልስ" የሚለውን ስነግራቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"እና እኔ ልፈርም?" አሉኝ። "አንተ ልጅ፣ 'ሥራዬ እየወረደ ነው' ብዬ ፈርሜ ወረቀት ስሰጥ፣ በነጋታው ወረቀት አቅራቢዬ ይሰማል። ይሸሸኛል። ሠራተኛው ይሰማል። ያልደረሰውን ነገር እኔው በእጄ ጎትቼ አመጣዋለሁ። ደግሞ ለዚያች ለደወለችልኝ ሴትዮ የሰጠሁትን ቃል መልሼ ውሸት ነበር ልበል?"

"ለወንድሜ ግን ይነግሩት ነበር።"

"ለሱ እነግረው ነበር።"

"ታዲያ ለሷ ለምን ባለበት ነው አሏት?"

"እሷማ ምን ጠየቀችኝ!" አሉ። "ደወለች። 'ሥራዎ ተሻሻለ፣ ባለበት ነው ወይስ ቀነሰ?' ብላ በአንድ ትንፋሽ አነበበችልኝ። 'ተመስገን፣ ባለበት ነው' አልኳት። 'አመሰግናለሁ' ብላ ዘጋችው። እኔ ገና ወንበሬን አልሳብኩም። ልጄ፣ እሱኮ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ደህና ካላልኩ ምን ልበል? ለማላውቀው ድምፅ ችግሬን ልዘርግፍ?"

"እሱስ?"

"እሱ ልጆቼን ይጠይቃል። ወገቤን ይጠይቃል። ያቺን የተሸፈነችውን ማሽን 'አሁንም ትንጫጫለች ወይ?' ይለኛል። ደህና ናቸው፣ ደህና ነው፣ ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ እዘልቃለሁ። ሰላምታዬን ስጨርስ ጥያቄውን ይጠይቅና ዝም ይላል። ሲቆይ ሲቆይ እኔው እጀምራለሁ። ነውርኮ ነው፣ ያን ያህል ደህንነቴን ጠይቆ ለጨረሰ ሰው ደግሞ 'ደህና' ልለው?"

ጋሼ፣ ያን ሁሉ ማታ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ይህን አልሰማሁትም። ወሬ ትወድ ነበር ብዬ ነበር የማስበው።

ስወጣ በመስኮቱ አክስቴን አየኋት። ጣቶቿ ላይ የደረቀ ሙጫ እየላጠች ከጎኗ ካለችው ልጅ ጋር ትስቃለች። አላየችኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። አንተ ትክክል ከሆንክ ያቺ ሁለተኛዋ ማሽንም ትሸፈናለች። አንተ ከዋሸህ አክስቴ እንደሳቀች ትኖራለች። እና እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ትክክል ሁን፣ ትክክል ሁን እያልኩ ነበር።

ወንድምህ


የካቲት 6

ለጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሚፈርም ሰው አላገኘሁም። ማን እንዳነጋገርኩም አልጽፍልዎትም፤ ወንድሜ ከእኔ የደበቀውን ስም እኔ ለእርስዎ አላወጣም።

እርስዎ ራስዎ ይደውሉ። ለአዲሷ ሠራተኛ አይስጡት። ማታ ይደውሉ፣ ሥራ ከዘጉ በኋላ። ጥያቄውን ቶሎ አይጠይቁ። መጀመሪያ ጤናቸውን፣ ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ይጠይቁ። ሁሉንም ደህና ነው ይሉዎታል። ይበሉ፤ ያስጨርሷቸው። ከዚያ ጥያቄዎን እንደ መመሪያው፣ ቃል በቃል ያንብቡ። ከዚያ ዝም ይበሉ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፤ እኔ ትናንት አክስቴ ላይ ሞክሬ አልቻልኩም።

የመጀመሪያው "ደህና ነው" ለእርስዎ አይደለም፤ ለማንም የሚሰጥ ነው። አዲሷ ሠራተኛ አልዋሸችም። ሰዎቹም አልዋሹም። ሰላምታቸውን ነው የጻፈችው።

እርስዎ ደውለው እንደዚያም ሆኖ "ባለበት ነው" ካሉ፣ የፈለጉትን ቃል ይጻፉበት። ከዚህ በኋላ አላስቸግርዎትም።

ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ስለ አክስቴ ልጠይቅዎ፤ በሌላው ወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ከዚህኛው ጋር እንዳይመዘገብ።

የሠራተኛዎ ወንድም


የካቲት 24

ለወንድሙ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበትክ? ዘገየሁ፤ ይቅርታ።

ደወልኩ። የመጀመሪያውን ሰው ጤናቸውን ስጠይቅ "ሐኪም ነሽ?" አሉኝ፤ ስልኩን ልዘጋው ነበር። ሁለተኛው ግን ስለ ልጃቸው ሠርግ አወሩኝ፣ ሳቁ፣ ተመስገን አሉ። ጥያቄውን አነበብኩና ዝም አልኩ። እኔ በሕይወቴ ዝም ብዬ አላውቅም። የመስመሩ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። "እሱ ልጅ ነግሮሽ ነው?" አሉኝ መጨረሻ ላይ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ።

ወንድምህ የጻፈው ልክ ነው። ጥቂቶቹ ላይ ምናልባት የባሰ ነው። እኔ ያገኘሁትን ይዤ ጉባኤው ፊት ቀረብኩ። የሌሎቹ ሦስት ቅርንጫፎች መልስም እንደገና እንዲጠየቅ ተወስኗል፤ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ መልስ ሲመጣ እንደናንተው ወርዷል። የተሳሳትነው ሦስቱን አምነን እሱን መጠርጠራችን ላይ ነበር። ስረዛው ቀርቷል። በመዝገቡ ላይ በስሙ አንዳች ክፉ ቃል የለም፤ በዓይኔ አንብቤዋለሁ።

እንኳን ደስ ያለህ ማለት አልችልም። ያወጣነውን ቁጥር አይተው ደጅ ላይ የተቆጡኝ ሰዎች ነበሩ፤ "አሟረታችሁ" አሉኝ።

አንድ ነገር ልጽፍልህ ሳስብ ሰንብቻለሁ። ያን ቀን ሲደውልልኝ ጤናዬን ጠየቀኝ፣ ቤቴን ጠየቀኝ። ገና እየጠየቀኝ ነበር "ጊዜ የለኝም፣ ከነወረቀትህ ና" ያልኩት። ሰላምታውን አላስጨረስኩትም።

በሌላው ወረቀት ለጠየቅኸኝ፦ ጥናቱ ስለ አንድ ሰው አይናገርም፤ አክስትህ ሥራቸውን ማጣት አለማጣታቸውን ሊነግርህ አይችልም። እኔን እንደ እኔ ከጠየቅኸኝ ግን፣ አሁኑኑ ንገራቸው።

የወንድምህ ኃላፊ


መጋቢት 26

ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ስምህ ንጹሕ ነው። ይህን ቀደም ብዬ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ የምዘል መስሎኝ ነበር፤ ቁጭ ብዬ የአክስቴን ጫማ ሳይ ዋልኩ።

ነገርኳት። ኃላፊዋ እንዳሉኝ አሁኑኑ አልነገርኳትም፤ ሳምንት ፈራሁ። ስነግራት ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"እሱም ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"ያውቅ ነበር።"

"አንተስ?"

"እኔም።"

ያን ሸሚዝ አጣጥፋ ጨርሳ ፈታችውና እንደገና አጣጠፈችው። "ሁለት ወንድ ልጅ አሳድጌ አንድ ምላስ የላችሁም" አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሳችብኝም።

በወሩ አጋማሽ ሁለተኛዋም ማሽን ተሸፈነች። እትዬ ካርቶን ለሠራተኞቻቸው አንድ በአንድ እየጠሩ ሥራ እንደሌለ ራሳቸው ነገሯቸው። አክስቴ ልጇ ወዳለችበት ከተማ ልትሄድ ወሰነች፤ እዚያ የልብስ ፋብሪካ ሰው ይፈልጋል አሉ። "ና አብረን እንሂድ" አለችኝ። ፈተናዬ ሰኔ ነው። "ከፈተና በኋላ" አልኳት። ጎረቤቶቹን ሁሉ አደራ ስትል አመሸች።

ፋብሪካው በር ላይ እትዬን ባገኛቸው ሰላም ሳልላቸው አለፍኩ። ከኋላዬ ጠሩኝ። "ብታኮርፈኝ አልፈርድብህም" አሉ። "አክስትህ ከሄደች ግን ማን አለህ?" መንገዴን ቀጠልኩ።

አክስቴ ትናንት ሄደች። ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው፤ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ።

የሚቀሰቅሰኝ ስላልነበረ አረፈድኩ። ሻይ አፍልቼ ስኳሩን የት እንዳስቀመጠችው አጣሁት፤ እንዲሁ ጠጣሁት። አንሶላውን አነጠፍኩ፤ የአንተንም አልጋ። ልወጣ ስል በሩን ከውጭ ቆልፌ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። ጠዋት እኔ ስወጣ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ሰው ነበረ፤ በመጀመሪያ አንተ ተኝተህ፣ ከዚያ አክስቴ እየጠረገች። አክስቴ የምትቆልፍበትን የራሷን ጓጉንቸር ይዛ ሄዳለች፤ የድሮው ከበሩ ጀርባ ተቆልፎ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ነበር።

በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ባለሱቁ "ምን ሊሰርቁህ ነው፣ የሒሳብ ደብተርህን?" አለኝ። ትንሽ ጓጉንቸር ሰጠኝ። ተመልሼ ቆለፍኩ፤ ሳብ አድርጌ አየሁት፤ ይዟል። ሁለት ቁልፍ ነው ያለው። አንዱን ኪሴ ከተትኩ። ሁለተኛው እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ በትምህርት ቤቱ መንገድ ሳይሆን በፋብሪካው በኩል ዞርኩ።

ዘበኛው በሩን ገና እየከፈተ ነበር።

"ይህን ለእትዬ ስጥልኝ" አልኩት።

"የምን ቁልፍ ነው?"

"የቤቴ።"

ገልበጥ አድርጎ አየው። "ከማን ነው ልበል?"

"ከጠያቂው ወንድም በላቸው።"

"የትኛው ጠያቂ?"

"እሳቸው ያውቁታል" አልኩት፣ እና ደወሉ ሳይደወል እንድደርስ ሮጥኩ።

ወንድምህ